አቶ ኣምደሚካኤል ገሰሰ፦ የመብራት ወጪ መዛኝ ዜና ሕይወት

አቶ ኣምደሚካኤል ከአባታቸው ከመምህር ገሰሰና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርሓስ በ1951 ዓ.ም. በአዲግራት ከተማ ተወልደው፣ ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው በአዲስ አበባ በኢኮኖሚክስ ተመረቁ። በቦሌ ሚካኤልም ከወይዘሮ ማዕዛ ጋር ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ረሆቦትንና ቃልአብን ወለዱ።

በሥራ ዘመናቸው የመንግሥት የኃይል ማመንጫ ድርጅቶች በምን ያህል ወጪ ምን ያህል መብራት እንደሚያመነጩ ሲያመዛዝኑ ኖሩ። ብክነትን እንደ ኃጢአት ስለሚቆጥሩት፣ ሰው በሌለበት ክፍል የበራ አምፖል ካዩ ምሳቸውን ትተው ሲነሡ ባለቤታቸው ሳይወዱ በግድ ለምደውት ነበር።

በአንድ ወቅት ባቀረቡት ጥናት አንዲት አነስተኛ የውኃ ኃይል ጣቢያ ከሁሉ መጨረሻ ወጥታ፣ እንድትዘጋና ሠራተኞቿ እንዲበተኑ ሐሳብ ቀረበ። እሳቸው ግን ሳያዩአት እንድትዘጋ ሕሊናቸው እምቢ ስላላቸው ቦርዱ ሳይወስን ወደ ጣቢያዋ ወረዱ። እዚያ ሳሉ የአገሩ መብራት ባንዴ ጠፋ፤ ትልልቆቹ ጣቢያዎች ለመነሣት የሌላ ኃይል ሲጠብቁ፣ ይህች ጣቢያ ለእንዲህ ያለ ቀን በትእዛዝ ሳታመነጭበት ያቆየችውን ውኃ ለቅቃ፣ ራሷን አስነሥታ ለእነርሱ መነሻ ኃይል አቀበለች። ሥራ ፈትታ የመሰለቻቸው ለካ ዘብ ቆማ ኖሯል።

የመምሪያ ኃላፊነት ሹመት እየጠበቃቸው ሳለ በቦርዱ ፊት ቆመው ጥናታቸውን መልሰው ወሰዱ። «ዘበኛን ሌባ ባልመጣበት ሌሊት ሥራ ፈት ብዬዋለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። ጣቢያዋ ከመዘጋት ተረፈች፤ ሹመቱ ግን ለሌላ ተሰጠ። አልከፋቸውም ብንል ዋሸን፤ ከፍቷቸው ነበር፤ ሆኖም ያንን ቃላቸውን አላጠፉም።

ጡረታ ወጥተው በጎሮ መኖሪያቸው ሳሉ የሳንባ ሕመም አደረባቸውና በኦክስጅን መሣሪያ መተንፈስ ጀመሩ። ባለፈው ክረምት የአገሩ መብራት ሲጠፋ፣ ረሆቦት መጠባበቂያውን ሲሊንደር እያገናኘች ብትርበተበት፣ በደከመ ድምፅ «አይዞሽ ልጄ፣ ያቺ ጣቢያ ትነሣለች» አሏት። ሲሊንደሩ ሳያልቅ መብራቱ ተመለሰ። ሕመሙ ግን ስለጸናባቸው፣ ቤተሰባቸው እንደከበባቸው በዚህ ሳምንት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት የልጅ ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። አስከሬናቸውን ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከገቡት መካከልም ከጣቢያዋ ሌሊቱን ተጉዘው የደረሱ ሠራተኞች ይገኛሉ። የሰውን ሥራ ሁሉን አይቶ የሚመዝን፣ በሚዛኑም ላይ ምሕረቱን የሚጨምር አምላክ፣ ነፍሳቸውን ብርሃን ከማይጠፋበት ያኑርልን፤ አሜን።