ቅዳሜ ቅዳሜ ናፍጣ ውስጥ ስለጨመርኩት

የቃል ሰጪው መጠሪያ፦ በአካባቢው "ጋሽ ካቻቪቴ" በመባል የሚታወቁ
ዕድሜ፦ 63
ሥራ፦ የናፍጣ ፖምፓ ጠጋኝ
አድራሻ፦ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ፣ ጋራዡ ውስጥ ባለው ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40 ሰዓት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ቃል ሰጪ፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው ቀርቤ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ እዚህ ታስራ ስለምትገኘው ነዳጅ ቀጂ ነው። የተያዘችው ደንበኛዬ ለሆነ አንድ አናጺ ፒክአፕ በቀዳችው ናፍጣ ላይ ላምባ ቀላቅላለች ተብላ ተጠርጥራ መሆኑን ሰምቻለሁ። ናፍጣው ውስጥ ላምባ ነበረ። የጨመርኩት ግን እኔ ነኝ።

አናጺው መጀመሪያ የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ፒክአፑ ጥቁር ጭስ እየተፋች ነው። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚረጩትን ኑዝሎቿን አጥቤ ገጠምኩለት፤ የቀረውን ቆሻሻ እንዲጠርግ ከመለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠውን የናፍጣ አዲቲቭ አንድ ጠርሙስ ጨመርኩ። በሙያዬ እስከማውቀው ድረስ ንጹህ ናፍጣ ለምትቀዳ መኪና ከዚያ በላይ አያስፈልጋትም። በሳምንቱ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተመልሶ "ጋሼ፣ ይደገም እንዴ?" ሲለኝ ግን "ካልተደገመማ ምኑን መድኃኒት ሆነ!" አልኩት። እንዲህ ያልኩት፣ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ የተጫወትኩት ከእሱ ጋር ብቻ ስለነበር ነው። ደንበኞቼ በኮምፒውተር ወደሚመረምሩት ጋራዦች ሄደዋል። ልጄም ትደውላለች፤ "ደህና ነህ?" ትለኛለች፣ "ደህና ነኝ" እላታለሁ፣ በዚያው ያልቃል። እዚህ ላይ መርማሪው "አባባ፣ ይሄ እኮ ለመዝገቡ አያስፈልግም" ብሎኛል። እኔ ያለዚህ የነገሩ ውል አይገኝም ብዬ እንዲጻፍልኝ ጠይቄያለሁ።

ከዚያ ወዲህ የመጣባቸውን ቅዳሜዎች ቤት ይቁጠራቸው። እኔ በጠርሙሱ ክዳን እየለካሁ እጨምራለሁ፤ እሱ ባዶ የባትሪ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ስለ ማጠፊያ፣ ሳይደርቅ ስለሚሸጥ እንጨት፣ ስለ አማቱ ያወራል። እስከ 5 ሰዓት ይቆያል። የዛሬ አራት ወር ገደማ አዲቲቩ ከሱቅ ጠፋ። "ጠፍቷል፤ ደግሞም አያስፈልግም" ማለት ስችል፣ ላምባ ገዝቼ፣ ቀለሙ እንዲመስልልኝ የሞተር ዘይት ጠብ አድርጌበት፣ አሮጌውን ጠርሙስ ሞላሁት። ድሮ በብርድ ወራት ናፍጣ እንዳይረጋ ትንሽ ላምባ ጣል ማድረግ በእኛ ሙያ የተለመደ ነበር። በክዳን ልክ አይጎዳም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ባለፈው ሳይሆን ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ አናጺው ገና ሳይቀመጥ "ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ ድናለች፤ መድኃኒቱ ይብቃት መሰለኝ" አለኝ። ደነገጥኩ። በአፌ "እስቲ ለመጨረሻ" አልኩት። በሆዴ ግን ሞተሯ ትንሽ ቢያስል ቅዳሜን ሳይጠብቅ ማክሰኞ ይመልሳታል ብዬ አሰብኩ። ስልክ ሊያነጋግር ወደ በሩ ዞር ሲል፣ ናፍጣዋ ሊያልቅ የተቃረበ መኪና ላይ አምስት ሊትር ላምባ ገለበጥኩባት። እንድታስል እንጂ እንድትወድቅ አልፈለግሁም። ላምባ ፖምፓን እንደማያለሰልስና እያደረቀ ነክሶ እንዲቆም እንደሚያደርገው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሳስረዳ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ማክሰኞ ሳጥኑን ጠርጌ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ረቡዕ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አምስት በር ጭኖ ከድልድዩ በላይ ያለውን ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ጠፋበት፤ መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራታ ከግንብ ጋር ተጋጨች፤ የአናጺው ግራ እጅ ተሰበረ። ታንከሯ ሲፈተሽ ላምባ ተገኘ፤ ሰኞ ዕለት አሥር ሊትር የቀዳችለት ያቺ ነዳጅ ቀጂ ስለነበረች የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ። ዓርብ በዚህ ጣቢያ በር ሳልፍ እናቷ ስንቅ ይዘው ተራ ሲጠብቁ አይቻለሁ። ከተናገርኩ ቅዳሜ የሚመጣልኝ ሰው አይኖርም ብዬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። አፍሬበታለሁ።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በሬ ተንኳኳ። አናጺው ነበር። እጁን በጄሶ ታስሮ፣ ያለ መኪና፣ የአንድ ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቷል። ምን አመጣህ ብዬ ብጠይቀው "ቅዳሜ አይደለ እንዴ ጋሼ?" አለኝ። ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ እስከ 5 ሰዓት ተጫወተ። አዲቲቩን አንድ ጊዜም አላነሳም። ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ ጠርሙሱም ይመጣልኝ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ጠርሙሱንና የላምባውን ጀሪካን ለመርማሪው አስረክቤያለሁ። ሴትየዋ ጥፋት የለባትምና ትለቀቅ። አናጺው ይህን ሲሰማ የሚመጣው ቅዳሜ በሬን እንደማያንኳኳ አውቃለሁ።

የተጻፈው ተነቦልኛል፤ እንደተናገርኩት ነው። በዚህኛው ላይ ምንም አልጨመርኩም።

የቃል ሰጪው ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________