ቀይ ጨርቅ ያልታሰረበት ወር

ክቡር ሥራ አስኪያጃችን፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ማሽን አስቁማችሁ፣ ወንበር ከየክፍሉ ለቃቅማችሁ እኔን ለመሸኘት ስለተሰበሰባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። የማጠቢያ ክፍል ልጆች እጃችሁ እንኳ ሳይደርቅ ነው የመጣችሁት፤ አይቻችኋለሁ። ንግግር አላውቅም። ትምህርቴም ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ይህን ወረቀት ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል፤ እያየሁ ባነብ አትፍረዱብኝ።

በዚህ ላውንደሪ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሆቴልና የሆስፒታል አንሶላ ተኩሻለሁ። የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት የተኩስ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ከኋላዬ «ካውያ» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። የማልሰማ መስሏችሁ ነው እንጂ ማሽን ሲቆም ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ደግሞስ መች ዋሻችሁ? የተጨማደደ ነገር አልወድም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሥራ አስኪያጃችን ቢሮ አስጠሩኝ። «እትዬ፣ ስንብትዎ ላይ ለአዳዲሶቹ የክፍል ኃላፊዎች ስለ ጥሩ መሪ ይንገሩልኝ» አሉኝ። እንዲረዳኝ ብለውም ከሥልጠና ያመጡትን ወረቀት ሰጡኝ። የተሳካለት የድርጅት መሪ ባሕርያት ይላል። ራእይ ያለው። ቆራጥ። ሰው የሚያበረታታ። በውጤት የሚያምን።

ደጋግሜ አነበብኩት። እውነቴን ነው፤ ሥራ አስኪያጃችን ሁሉም አላቸው። ሲመጡ ይህ ቤት ሊዘጋ ነበር፤ ዛሬ በሦስት ፈረቃ ይሠራል። ልጄ የተቃጠለች ዕለት በገዛ መኪናቸው ሆስፒታል ያደረሷት እሳቸው ናቸው። ቀብሯ ላይም ከዘመድ ቀድመው ቆመዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ባሕርይ እያለ ልጄ ለምን ሞተች? ሦስት ቀን የፈጀብኝ ይህ ጥያቄ ነው።

አዲስ ለገባችሁ ልንገራችሁ። በዚህ ቤት ማሽን ሲበላሽ ማንም ሠራተኛ ቀይ ጨርቅ ያስርበታል። መካኒኩ መጥቶ እስኪፈታው ድረስ ማሽኑን የሚነካ የለም። የቆየ ደንብ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሥራ አስኪያጃችን አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ወር ሙሉ ቀይ ጨርቅ ያልታሰረበት ክፍል «ችግር የለሽ ክፍል» ተብሎ ሰርተፊኬትና የግማሽ ቀን እረፍት ያገኛል። እኛን ለማበረታታት ነው። እኛም ተበረታታን። ጨርቁ ጠፋ፤ ብልሽቱ ግን የትም አልሄደም። የኔ ክፍል አሥራ አንድ ወር በተከታታይ ተሸለመ። ግድግዳው ሲሞላ እንዴት እኮራ እንደነበር ታውቃላችሁ።

ልጄ የምትሠራው እኔው ክፍል፣ ትልቁ ማሽን ላይ ነበር። ሥራ ላይ «እማዬ» እንዳትለኝ ከልክያታለሁ፤ እሷም «እሺ ኃላፊ» እያለች ታሾፍብኛለች። አንድ ጠዋት መጣችና፣

«የእንፋሎቱ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ያፏጫል። ጨርቅ ልሰርበት» አለችኝ።

«ወሩ ሊያልቅ እኮ አራት ቀን ነው የቀረው። ቀስ ብለሽ ሥሪ።»

«ጆሮሽን ጠጋ አድርገሽ ስሚው እስቲ።»

«ሰምቻለሁ። እኔም በዚህ ቤት ስንት ዓመት ሳፏጭ ኖርኩ፤ ፈነዳሁ እንዴ?»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «አሁን የምታናግሪኝ ኃላፊዬ ነሽ ወይስ እናቴ?» አለችኝ።

«ኃላፊሽ ነኝ» አልኳት።

ጨርቁን አጣጥፋ ሰጠችኝ። ሽርጤ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። በሦስተኛው ቀን ቱቦው ፈነዳ። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ከሐዘን ስመለስ ግድግዳው ላይ አሥራ ሁለተኛው ሰርተፊኬት ተሰቅሎ አገኘሁት። ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የምትቆጥረው ጨርቅ ነው፤ በዚያ ወር ደግሞ ጨርቅ አልታሰረም።

ብዙዎቻችሁ ቤቴ መጥታችሁ «የእግዜር ሥራ ነው፤ ምን ታደርጊዋለሽ» ብላችሁኛል። ለማጽናናት እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ግን በእግዜር ማሳበብ አቃተኝ።

እንግዲህ ጥሩ መሪ ማነው? እኔ የማውቀው አንድ ባሕርይ ብቻ ነው፤ እሱም ወረቀቱ ላይ የለም። ክፉ ወሬ የያዘ ሰው ሳይፈራ በሩን የሚያንኳኳለት፣ አንኳኩቶም የማይጸጸትበት ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኛ ለደበቀው ሽልማት ሰጠነው። ይህን የምለው ለሥራ አስኪያጃችን ብቻ አይምሰላችሁ። እኔም መሪ ነበርኩ፤ የዘጠኝ ሰው መሪ። ቆራጥ ነበርኩ። በውጤት አምን ነበር። ከልጄ ጆሮ ይልቅ ግድግዳዬን አመንኩ።

ትናንት ዕቃዬን ልሰበስብ ስገባ ክፍሎቹን ሁሉ ዞርኩ። አንድም ቀይ ጨርቅ አላየሁም። ልጄ ከሞተች ሰባት ወሯ ነው። ሰባት ወር ሙሉ በዚህ ቤት ምንም አልተበላሸም? ማድረቂያ ክፍል ስደርስ ሦስተኛው ማሽን የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። አጠገቡ የቆመችውን ሴት «አይሸትሽም?» አልኳት።

«ይሸተኛል እትዬ። ከሰኞ ጀምሮ ነው።»

«ጨርቁስ ታዲያ?»

«ወሩ እኮ ሊያልቅ ነው» አለችኝ።

እስከ ትናንት ድረስ «ሞቷ ለአንድ ነገር ይሆናል» እያልኩ ነበር የምተኛው። ለምንም አልሆነም። የሰው ልጅ ሞት ያላስተማረንን የኔ ንግግር ሊያስተምረን ነው?

ዛሬ ጠዋት ሦስተኛው ማድረቂያ ላይ ቀይ ጨርቅ አስሬበታለሁ። የማድረቂያ ክፍል ሰዎች፣ የዚህን ወር እረፍት ያሳጣኋችሁ እኔ ነኝ። «ካውያ ስትሄድም አቃጥላን ሄደች» በሉ፤ አልቀየምም።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሽልማቱን እንዲያስቀሩት ሦስት ጊዜ ለምኜዎታለሁ። «በጥናት እናየዋለን እትዬ» ብለውኛል። ይህ አራተኛዬ ነው፤ ከነገ ጀምሮ የመግቢያ ባጅ የለኝም። ያስቀሩታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ ብል እዋሻለሁ። ተስፋ የለኝም። ሳልነግርዎት መሄድ ግን አልቻልኩም።

ምርቃት ይቀረኛል። እጃችሁን እሳት አይንካው። ጠዋት በገባችሁበት በር ማታ በእግራችሁ ውጡ። ልጅ ያላችሁ፣ ልጃችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።

እርስዎም፣ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ሁለት ልጆች እንዳሉዎት አውቃለሁ። ቂም አልያዝኩብዎትም። ከማውቀው ምርቃት ሁሉ ትልቁን ልስጥዎት፤ ረጅም ዕድሜ ይኑሩ፣ ያርጁ፣ ልጆችዎም ይቅበሩዎት።