ለ«ሰስፔንስ» የሚሆን ዓረፍተ ነገር

በደርግ ዘመን ከአብዮት አደባባይ ወደ ቦሌ በተሳፈርሁበት ውይይት ታክሲ ውስጥ አንዲት ተማሪ ደብተሯን ከፍታ ስታነበንብ፣ ፊት ለፊቷ የተቀመጡ አበባ የያዙ እናት ጠየቋት።

«ምን እየሸመደድሽ ነው፣ ልጄ?»

«የእንግሊዝኛ ቃል ነው፣ እማማ። ሰስፔንስ።»

«ምን ማለት ነው?»

«የሚሆነው እስኪታወቅ ድረስ ልብ ተንጠልጥሎ መጠበቅ። በዓረፍተ ነገር አስገቡ ተብለን ጠፋብኝ።»

«ታዲያ እኔን ጻፊኛ! ልጅሽ ከሞስኮ ይመጣል ብለውኝ አውሮፕላን ማረፊያ መሄዴ ነው።»

«ከሄደ ስንት ዓመቱ?»

«ሰባት። ባለፈው ሳምንትም ይመጣል ብለውኝ፣ አንዱን ጢማም የእኔ መስሎኝ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።»

«ውይ! እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ አብሮኝ አለቀሰ። የወለደችው መጥታ ናት ያላቀቀችን።»

ታክሲው በሙሉ ሳቀ። ተማሪዋ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ዛሬም ባይመጣስ፣ እማማ? እዚያው የሚቀሩ አሉ ይባላል።»

«እሱን አትጻፊው። ይመጣል ብለሽ ጨርሺው።»

መውረጃዬ ኦሎምፒያ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አብሬያቸው ሄድሁ።