እሷ እያለቀሰች እኔ «ደስ ብሎኛል» አልልም

(አዲስ አበባ፣ የዘንባባ ቲቪ የድምፅ መቅጃ ክፍል፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት፤ ከቱርክ በመጣው ድራማ ላይ ዴሪን ለምትባለው ልጅ የአማርኛ ድምፅ የምትሰጣት የአስራ ስድስት ዓመቷ ኤልዳና የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ቆማለች፣ የፕሮግራም ኃላፊው ጋሽ ተካልኝ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል፣ ድራማው አንድ ሰዓት ላይ ይተላለፋል።)

ኤልዳና፦ አልልም! ጋሼ፣ አልልም አልኩ አልልም! ይዩዋት እስኪ፣ በናትዎ ይዩዋት! እንባዋ አገጯ ጋ ደርሷል፣ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ እኔ እዚህ ቆሜ «እማዬ፣ ዛሬ እንዴት ደስ ብሎኛል» ልበል?

ጋሽ ተካልኝ፦ የደስታ እንባ ነው። ማዳመጫውን አድርጊ።

ኤልዳና፦ የደስታ እንባ! እናትየዋ ጀርባዋን ሰጥታት ወደ አውሮፕላን እየሄደች?

ጋሽ ተካልኝ፦ በሩ ጋ ሳትደርስ እንቆርጠዋለን። መሄዷ አይታይም።

ኤልዳና፦ ሻንጣውስ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ሻንጣው ምን ሆነ?

ኤልዳና፦ «አልሄድም ልጄ፣ ካንቺ ጋ ነኝ» እያለች ሻንጣ ትጎትታለች እኮ! ወዴት ነው የምትጎትተው? እቃ እያመላለሰች ነው?

ጋሽ ተካልኝ፦ ኤልዳና፣ ሰዓቱን እይ። ሁለት መስመር ነው የቀረሽ። ሁለት መስመር! ደግሞ ወዲያ ወዲህ አትበይብኝ፣ ማይኩ የጫማሽን ድምፅ ይይዛል።

ኤልዳና፦ መቆም አልቻልኩማ! እግሬ ራሱ ተናዷል! ሁለት መስመር ይላሉ እንዴ? ሃያ አራት ክፍል እኮ ነው እየበላችሁ ያላችሁት! መቶ አስር ክፍል ነው ድራማው፣ ገና ሰማንያ ስድስት ላይ ነን፣ ዛሬ ጠዋት ተነስታችሁ «እዚህ ጋ አልቋል በሉ»! ይሄንኑ ቦታ ባለፈው ሳምንት በትክክሉ ቀድተነዋል። «እማዬ፣ አንዴ ዞረሽ እይኝ» ነበር ያልኩት። እርስዎ ራስዎ እዚሁ ወንበር ላይ ሆነው መሀረብ ሲፈልጉ አይቻለሁ።

ጋሽ ተካልኝ፦ ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

ኤልዳና፦ እሺ ጉንፋን! ጉንፋኑን ያመጣችብዎት ዴሪን ናት! ማነው ግን እንዲህ ብሎ የወሰነው?

ጋሽ ተካልኝ፦ ባለቤቱ።

ኤልዳና፦ ጣቢያው የሰባት ሰው ነው ብለውኝ አልነበር እንዴ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ነበረ። ሰባት ባለአክሲዮኖች ነበሩ፣ ስብሰባ በመጡ ቁጥር ይጨቃጨቁና ምንም ሳይወስኑ ይበተናሉ። እኛም በሰላም እንሰራ ነበር። ባለፈው ወር የአምስቱን ድርሻ አንድ ሰው ጠቅልሎ ገዛው። አቶ ግዛቸው።

ኤልዳና፦ የሴራሚኩ?

ጋሽ ተካልኝ፦ የሴራሚኩ።

ኤልዳና፦ ሴራሚክ የሚያስመጣ ሰውዬ ስለ ዴሪን ምን አገባው?

ጋሽ ተካልኝ፦ ዴሪንን አያውቃትም። እሱ የሚያውቀው የማታውን አንድ ሰዓት ነው። አንቺ ልጅ፣ ቴሌቪዥን ድራማ የሚሸጥ ይመስልሻል?

ኤልዳና፦ ታዲያ ምን ይሸጣል?

ጋሽ ተካልኝ፦ ሰው። አንቺ በድምፅሽ ሰው ትሰበስቢያለሽ፣ እኛ የተሰበሰበውን ሰው ለሳሙና ፋብሪካ እንሸጣለን።

ኤልዳና፦ ውይ በስመአብ! ሰፈሬን በሙሉ አሳልፌ ስሰጥ ነበር ይበሉኛ!

ጋሽ ተካልኝ፦ በደንብ አድርገሽ። ችግሩ ሳሙናው ከክረምቱ ጀምሮ ማስታወቂያ ቀንሷል። ድራማው ደግሞ ወጪ አለው። ተርጓሚ አለ፣ ዘጠኝ ድምፅ የሚሰራ ሰው አለ። ቴክኒሻኑን እንኳን ቀንሰው ይኸው እኔ ነኝ የምቀዳሽ። ሌላ ሰው መጥቶ «አንድ ሰዓትን አከራዩኝ፣ ፕሮግራሙን ራሴ እሰራለሁ፣ ስፖንሰሩንም ራሴ አመጣለሁ» ሲል አቶ ግዛቸው ምን ይበል? ምንም ሳይሰራ ኪራይ ይቀበላል።

ኤልዳና፦ ማነው ተከራዩ?

ጋሽ ተካልኝ፦ «የሙሽሮች ሰዓት» ይባላል።

ኤልዳና፦ ሰርግ?! የማናውቀውን ሰው ሰርግ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ከሰኞ እስከ አርብ።

ኤልዳና፦ ማክሰኞ ማን ያገባል?

ጋሽ ተካልኝ፦ የተቀዳ ነው፣ አንቺ!

ኤልዳና፦ ቆይ ቆይ፣ ጠዋት የጤና ፕሮግራሙ ኪራይ ነው አይደል? ከሰዓት አፓርታማ የሚያስጎበኘው ሰውዬም ኪራይ ነው። ቅዳሜ የመኪናው፣ እሁድ የምግብ አሰራሩ። አሁን አንድ ሰዓት ሲጨመር የጣቢያው የራሱ የሚባል ምን ይቀራል?

ጋሽ ተካልኝ፦ ዜና።

ኤልዳና፦ ሌላስ?

ጋሽ ተካልኝ፦ …የሰዓት ምልክቱ።

ኤልዳና፦ ኪኪኪ! ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቴሌቪዥን ጣቢያ አይደለም፣ ክፍሉ ተከራይቶ አልቆ አከራዩ ኮሪደር ላይ የሚያድርበት ቤት ነው!

ጋሽ ተካልኝ፦ ቀልዱ ደስ ይላል፣ ደሞዜንም የሚከፍለኝ አከራዩ ነው። ነይ፣ ማዳመጫ።

ኤልዳና፦ አልመጣም።

ጋሽ ተካልኝ፦ እኔ ነኝ እኮ እዚህ ያመጣሁሽ። ልጄን ላደርስ ትምህርት ቤታችሁ መጥቼ፣ በሚኒ ሚዲያ የጠፋ ጃኬት ማስታወቂያ ስታነቢ ሰምቼ። ጃኬቱን እንደዚያ አድርገሽ ስታነቢው እኔ ራሴ ግቢውን ዞሬ ልፈልገው ምንም አልቀረኝ!

ኤልዳና፦ አዎ፣ ያኔ ምን አሉኝ? «የጠፋው ያንቺ የሆነ ያህል አነበብሽው፣ ድራማ እንዲህ ነው የሚሰራው» አሉኝ። አሁን ደግሞ ልጅቷ እናቷ እየጠፋችባት ሳቂ ይሉኛል።

ጋሽ ተካልኝ፦ ቆይ፣ ስልክ ነው። ሄሎ… አቤት… አዎ፣ እየጨረስን ነው። … አዎ፣ በደስታ ነው የሚያልቀው። … ኧረ ምንም ችግር የለም፣ ይበሉልኝ ለአቶ ግዛቸው። … አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማስተላለፊያ ክፍል ይደርሳል። እሺ። እሺ። … ሰማሽ?

ኤልዳና፦ «በደስታ ነው የሚያልቀው» ሲሉ ድምፅዎ ተንቀጠቀጠ።

ጋሽ ተካልኝ፦ አስራ አንድ ዓመት ሰርቻለሁ እዚህ ቤት። በዚህ እድሜዬ ማመልከቻ ይዤ ልዙር? ካልፈለግሽ ተይው፣ ሌላ ልጅ እጠራለሁ። ሁለት መስመር ነው፣ ማን ይለያል?

ኤልዳና፦ ይጥሩ! እትዬ ሙሉነሽ ይለያሉ።

ጋሽ ተካልኝ፦ ማን ናቸው? የስፖንሰር ወገን ናቸው?

ኤልዳና፦ ኧረ ጎረቤታችን ናቸው! ኮንዶሚኒየም ላይ፣ ከኛ በታች። አይናቸው አያይም፣ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ። ዴሪንን መስራት ስጀምር ለማንም አልተናገርኩም ነበር፣ ቢቀይሩኝስ ብዬ። የመጀመሪያው ቀን፣ እናቴ እንኳን ሳታውቀኝ፣ እሳቸው ደረጃ ላይ ያዙኝና «አንቺ ኤልዱ፣ ቴሌቪዥን ውስጥ ገብተሽ ምን ትሰሪያለሽ?» አሉኝ። ላብድ ነበር!

ጋሽ ተካልኝ፦ ጥሩ ጆሮ አላቸው። ታዲያ እሳቸው ናቸው የሚያባርሩኝ?

ኤልዳና፦ ይስሙኝ እንጂ! ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ሲሆን ቲቪው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ፊት ለፊት፣ እንደሚያይ ሰው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው። አንዳንዴ አብሬያቸው አያለሁ። «አሁን ምን ለብሳለች?» ይሉኛል፣ እነግራቸዋለሁ። «ከፍቷታል?» ግን ጠይቀውኝ አያውቁም። እሱን ከድምፄ ነው የሚያውቁት።

ጋሽ ተካልኝ፦ እሺ…

ኤልዳና፦ ዛሬ ሌላው ሰው በሙሉ ያያል። እንባውን ያያል፣ ሻንጣውን ያያል፣ «ሸወዱን» ብሎ ይስቃል፣ ወይ ይሳደባል፣ ቻናል ይቀይራል። እትዬ ሙሉነሽ ግን ምንም የላቸውም፣ ያለኋቸው እኔ ብቻ ነኝ። «ደስ ብሎኛል» ካልኩ፣ «እሰይ፣ ደስ አላት» ብለው ነው የሚተኙት። ገባዎት ጋሼ? ከዚህ ሁሉ ተመልካች ውስጥ ተሸውደው የሚያድሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸውን ደግሞ የምሸውዳቸው አቶ ግዛቸው አይደሉም። እኔ ነኝ። በራሴ አፍ።

ጋሽ ተካልኝ፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ኤልዳና፦ ለአስራ ሁለት አምስት ጉዳይ። ተቆጡ እንዴ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ባለፈው ሳምንት የቀዳነው አለ።

ኤልዳና፦ የቱ?

ጋሽ ተካልኝ፦ «አንዴ ዞረሽ እይኝ» ያልሽው። ሰርዘው ተብዬ ነበር። አልሰረዝኩትም።

ኤልዳና፦ አልሰረዙትም?! ጋሼ! እሱን እናስገባዋ! አሁኑኑ! እኔ እሮጣለሁ፣ ይስጡኝ፣ ማስተላለፊያ ክፍል ድረስ በሩጫ…

ጋሽ ተካልኝ፦ ቁጭ በይ! አትዝለይ! እሱን ባስገባ ምን ይሆናል? እናትየዋ ትሄዳለች፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ የባለሙያዎች ስም ይወጣል። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ሰርግ። ሰዉ «ሳያልቅ ቀረ» ብሎ አንድ ቀን አጉረምርሞ ይተወዋል። እኔ ደግሞ ጨርስ ተብዬ ሳልጨርስ ተባረርኩ። ድራማውም የለም፣ እኔም የለሁም።

ኤልዳና፦ ሰው ይደውላል!

ጋሽ ተካልኝ፦ ለምን ይደውላል? ሄደች፣ አለቀ። ሰው የሚደውለው ነገ አለ ብሎ ጠብቆ ሲያጣ ነው።

ኤልዳና፦ እንዲጠብቅ እናድርገዋ! «ነገ ይቀጥላል» ብለን እንጻፍበት!

ጋሽ ተካልኝ፦ ስክሪን ላይ የሚጻፍ ነገር የአቶ ግዛቸው ቢሮ ሳያየው አያልፍም። ከአዲሱ ባለቤት ወዲህ እንደዚያ ነው። የንግግሩን ስክሪፕትም ፈርመውበታል። የእናትየዋን ቃል፣ የዴሪንን ቃል፣ መስመር በመስመር።

ኤልዳና፦ ታዲያ ማን ይናገርልን? ውሻ እንኳን የለም እዚህ ትዕይንት ላይ!

ጋሽ ተካልኝ፦ …እስኪ ወደ ኋላ ልመልሰው። የድሮውን። ድምፁን ትንሽ ልጨምር። እዚህ ጋ። ከላይ በቱርክኛ የሚጮኸው ምንድነው?

ኤልዳና፦ እሱ? የኤርፖርቱ ድምፅ ማጉያ ነዋ። አልተረጎምነውም። ስክሪፕቱ ላይ «የኋላ ድምፅ» ብቻ ነው የሚለው፣ ሁሌም ዝም ብለን ነው የምናልፈው።

ጋሽ ተካልኝ፦ ማንም አልፈረመበትም ማለት ነው።

ኤልዳና፦ ማንም። ምን አስበው ነው?

ጋሽ ተካልኝ፦ ስንት ሰከንድ ነው?

ኤልዳና፦ ልቁጠር… አስራ አራት። ጋሼ፣ ምን አስበው ነው እያልኩዎት ነው!

ጋሽ ተካልኝ፦ ክፍል ሰማንያ ሰባት የት ነው የሚጀምረው?

ኤልዳና፦ እዛው ኤርፖርት! ወንበር ላይ!

ጋሽ ተካልኝ፦ እናትየዋ አለች?

ኤልዳና፦ አለች! አብረው ቁጭ ብለው ነው የሚያለቅሱት፣ ሁለቱም! አንብቤዋለሁ፣ ሁለቴ አንብቤዋለሁ!

ጋሽ ተካልኝ፦ የሰርጉ ሰዎች ውሉን የሚፈርሙት ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ዛሬ ማታና ነገ ጠዋት ይሄ ቤት በስልክ ከተናወጠ፣ የመጀመሪያው ደዋይ የሳሙናው ሰውዬ ነው። ሰው ተሰብስቦ የሚጠብቅበትን ሰዓት ማስታወቂያ ሰሪ አይተወውም። አቶ ግዛቸውም ቢሆን ነጋዴ ነው፣ የተሰለፈ ደንበኛ አይበትንም… መሰለኝ።

ኤልዳና፦ መሰለኝ?

ጋሽ ተካልኝ፦ መሰለኝ። ተነሺ፣ ነይ እዚህ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጪ። እኔ ማይኩ ጋ እገባለሁ፣ በድሮው ቅጂ ላይ የድምፅ ማጉያውን እናገራለሁ። እጄን ሳነሳ ቀዩን ትጫኛለሽ።

ኤልዳና፦ እርስዎ?! እኔ ልበለው፣ በናትዎ! ድምፄን ወፈር አድርጌ…

ጋሽ ተካልኝ፦ አንቺ አይደለሽም። ነገ «ማነው ያለው?» ሲባል የማን ድምፅ እንደሆነ እንዲለዩ ነው የምፈልገው። የልጅ ድምፅ ከሆነ ልጅ ነው የሚቆጡት።

ኤልዳና፦ ጋሼ፣ ቢያባርሩዎትስ?

ጋሽ ተካልኝ፦ ጣትሽን ቀዩ ላይ አድርጊ። ማይኩ ክፍት ነው። ዝም።

ኤልዳና፦ …ተጫንኩ።

ጋሽ ተካልኝ፦ «ክቡራን መንገደኞች፣ የዛሬው በረራ ለነገ ምሽት አንድ ሰዓት ተላልፏል። ማንም መንገደኛ እንዳይቀርብን፣ ነገ በዚሁ ሰዓት እዚሁ ቦታ እንድትገኙልን በትህትና እንጠይቃለን።»