ያቺ ግራኝ ማን ነበረች?

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ተራርቃችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ለአምሃ የቆማችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል። በር ላይ የቀሩትንም ጭምር። ለቀብር ሃምሳ ሰው ብቻ ተባልን፤ የአምሃ ወዳጅ ግን በሃምሳ አያልቅም።

እኔ አቢሶ ነኝ፤ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ስፓዛ፣ ማለቴ ትንሽ ሱቅ ያለኝ። አምሃን የምታውቁት ፎርድስበርግ መጋረጃ ሲሸጥ ነው። ልቡ ግን የት ነበር? በሚሰበስባቸው አሮጌ የጀርመን የጽሕፈት መኪናዎች ላይ! ጀርመንኛ ያውቅ ነበር? አንዲት ቃል አያውቅም። ታዲያ ምን ያደርጉለታል?

በየመኪናው ይጽፍ የነበረውን ሰው ይፈልግ ነበር። ማን መታበት? ምን ዓይነት ሰው ነበር?

አንድ ቅዳሜ ገበያ አብረን ሄድን። ዝገት የበላው መኪና አነሳና ከፊደሎቹ በታች ያለውን ረጅሙን ቁልፍ ዳበሰ። ቃል ከቃል ለመለየት የሚመታው ነው። «አቢሶ፣ እየው፤ ቀለሙ የለቀቀው በቀኝ ብቻ ነው። ሰው ይህን የሚመታው በአንድ አውራ ጣቱ ነው። የዚህ ሰው ቀኝ ነበር።»

«ቢሆንስ ምን ይጠቅምሃል?» አልኩት።

«ሰውየው ሞቷል፤ ጣቱ ግን እዚህ አለ። አይገርምህም?»

እኔን የገረመኝ እሱ ነበር። መኪናዋን ተሸክሜለት ሄድኩ፤ ወገቤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

ያቺን መኪና ከሁሉ አስበልጦ ወደዳት። ሱቅ ዘግቶ ሲገባ ይመታባታል፤ ሌላ ሰው እንዳይነካት ከለከለ። ከዓመታት በኋላ ደወለልኝ። «አቢሶ! በግራም ለቋል! ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ባልና ሚስት ይመስሉኛል። ስገዛት እንዴት አላየሁም?» ከዚያ ወዲህ ጥያቄው አንድ ሆነ። ያቺ ግራኝ ማን ነበረች? ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ በስልክ «ሴትየዋን ሳላውቃት…» አለኝ።

ትናንት እድርተኞች መከርን። እሱ የነካው ሁሉ በሽታ አለበት፣ መኪናዎቹ ይጣሉ ተባለ። ክፋት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። በዚህ ዘመን ያልፈራ ማን አለ? ግማሹን ደጅ አወጣን። ያቺኛዋ ጋ ስንደርስ ባለቤቱ ቤዛ ተነስታ ከፊቷ ቆመች። ያለችውን በፈቃዷ እነግራችኋለሁ።

«እሷን አልሰጥም። አምሃ ሲወጣ እየጠበቅኩ እመታባት ነበር፤ ድምጿን ወድጄ። ይቆጣኛል ብዬ ደበቅኩት። ኋላ ደግሞ ያችን ጀርመናዊት እንደዚያ ሲወዳት፣ እንዴት ልንገረው?»

ቤዛ ግራኝ መሆኗን እዚህ የማያውቅ አለ?

ወገኖቼ፣ ከዚህ ስንመለስ ያወጣነውን ሁሉ እናስገባለን። በሽታው ካስፈራችሁ ሳሙናና ውኃ አለ። ያቺን ግን ቀስ አድርጋችሁ እጠቧት፤ ቀለም ሌላ እንዳይለቅ።

አምሃ፣ ወንድሜ፣ አፈሩ ሳይከደንብህ ስማኝ። የሩቅ አገር ሰው አልነበረችም። ራትህን አቅርባ፣ ስለ ጀርመናዊቷ ስታወራላት እየሳቀች ትሰማህ ነበር። እነሆ፣ ያቺውልህ፣ እግርጌህ ቆማለች። ጥያቄህ ተመልሷል፤ እፎይ ብለህ ተኛ።