የልጄ ወረቀትና በቆርቆሮ የተመታችው በር

ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ቂም በመጀመሪያ ላውርደው፤ እሱን እንደተሸከምኩ የቀረውን መናገር አልችልም።

ሁለተኛ ልጄ ወንድ ነበር። በተወለደ ማግሥት ጡት እምቢ አለ፤ ማልቀስ ተስኖት እንደ ድመት ግልገል ያቃስት ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን እጄ ላይ አለፈ። ያዋለደችኝ የጤና ጣቢያው አዋላጅ የአጥር ጎረቤቴ ናት። ሰፈሩ "እትዬ ሰዓት" ይላታል፤ ከእጅ ሰዓቷ ላይ ዓይኗን ነቅላ አታውቅም። ያን ቀን ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ሰዓቷን እያየች፣ ለባሌ "ኢንፌክሽን ነው፤ ከእናትየው የመጣ ነው" አለችው። ከእናትየው! ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ዝምታው ግን ራሱ ወቀሳ ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

በሳምንቱ፣ በሁለታችን ግቢ መሃል የነበረችውን ትንሽ በር አናጢ ጠርቼ በቆርቆሮ አስመታኋት። ወንፊትና መሰላል ስንዋዋስባት የኖርንባት በር ናት። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ "እንደምን ዋሉ" እላታለሁ። ድሮ "አንቺ" ነበር የምላት። አንቱ ማለቴ አክብሬያት እንዳይመስላችሁ፤ እሱም ሌላ ቆርቆሮ ነበር።

እኔ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ተቆረጠ፤ ጽሑፍ አነባለሁ፣ ግን ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። የመጀመሪያዋ ልጄ ዘንድሮ አረገዘች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ፣ ብቻዋን እንዳትሆን ስምንተኛ ወሯ ሲገባ እኔ ዘንድ መጣች።

ወረቀቱን ያገኘሁት ቦርሳዋ ውስጥ ነው። መቀስ ስፈልግ ነው ብያታለሁ፤ መቀሱ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። "ግሩፕ ቢ ስትሬፕ" ይላል፤ ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ "ፖዘቲቭ"። የፊተኛውን አላወቅኩትም። የኋለኛውን የማያውቅ ማን አለ? ወረቀቱን ይዤ ወደ ልጄ ሄድኩ።

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"እማዬ፣ ቦርሳዬን በረበርሽ?"

"መልሺልኝ!"

"ባክቴሪያ ነው። በጥጥ ናሙና ወስደው መረመሩኝ። ብዙ ሴት ላይ አለ፤ እኔንም ምንም አላመመኝም። የአባላዘር በሽታ አይደለም ብለውኛል።"

"ይሉሻል! ትዳርሽ እንዳይፈርስ ነዋ።"

"ስወልድ በደም ሥር መድኃኒት ይሰጡኛል። እስከዚያ ምንም አያስፈልግም።"

"አለብሽ ብሎ ሲያበቃ፣ በይ ሂጂና ቤትሽ ተቀመጪ የሚል ሐኪም የት አየሽ? የደበቁሽ ነገር አለ።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ አማቼን መጠርጠር ሁለተኛ ሥራዬ ሆነ። ቅዳሜ ከመንገድ ሲገባ ሸሚዙን ላጥብ ብዬ ኪሱን ገለበጥኩት፤ የነዳጅ ደረሰኝ፣ የጥርስ እንጨትና ግማሽ ከረሜላ ወጣ። ከረሜላው ራሱ አጠራጠረኝ፤ ግማሹን ማን በላው? ብርጭቆውን ለብቻው አስቀመጥኩት።

"እማማ፣ ብርጭቆዬ ለምን ተለየ?" አለኝ።

"ለክብርህ ነው።"

"ማንኪያውም?"

"ማንኪያውም ለክብርህ።"

ልጄ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ ስታለቅስ ሰማኋት። አንባቢዬ፣ ጥርጣሬ የዛገ መርፌ ነው፤ ጨርቁን ይቀደዋል እንጂ አይሰፋውም። ይህን የምለው ዛሬ ነው። ያኔ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ልጄን በራሴ መንገድ ላድናት ወደ ፋርማሲ ወረድኩ። "የኢንፌክሽን ክኒን ስጪኝ፤ ጠንከር ያለውን" አልኩ። ሻጯ የሐኪም ወረቀት ስትጠይቀኝ፣ ከኋላዬ ካለው አግዳሚ ወንበር ድምፅ መጣ።

"ማን ታመመብሽ?"

እትዬ ሰዓት ናት። ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የደም ግፊት መድኃኒቷን ትጠብቃለች።

"ማንም" አልኩ።

"ለማንም ነው ጠንከር ያለውን የምትገዢው?"

ሻጯ ሳቀች። እኔ ነደድኩ። ወረቀቱን ከደረቴ አውጥቼ ጭኗ ላይ ጣልኩላት። "ያንብቡት! ልጄ ናት። መቼም እርስዎ ከእናትየው ነው ማለት ይወዳሉ።"

አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ሰዓቷን አላየችም።

"ክኒኑን ተይው" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ዛሬ ብትውጥ ባክቴሪያው ዛሬ ይሞታል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ቤቱ አንጀት ውስጥ ነው፤ ከዚያ ልጅ ወደሚያልፍበት መንገድ ይደርሳል። ይመጣል፣ ይሄዳል።"

"ታዲያ ስትወልድ የሚሰጧትስ ለምን ይሠራል?"

"አንቺ ዩኒፎርም የምትተኩሺው መቼ ነው?"

"ምን አገናኘው?"

"መልሺልኝ እንጂ።"

"ባለቤቱ ሊወስደው ሲመጣ ነዋ። ቀድሜ ብተኩሰው ተጨማዶ ይጠብቀኛል።"

"ይኸው ነው። መንገዱ መጽዳት ያለበት ልጁ በሚያልፍበት ሰዓት ነው።"

ነገሩ በሙያዬ መጣብኝ። ግን ጠርጣራ ሰው በአንድ በር ሲዘጉበት በሌላው ይወጣል።

"ከባሏ ካልመጣ ከየት መጣ?"

"ከማንም አልመጣም። ከአራት ከአምስት ሴት አንዷ ላይ ይኖራል፤ አንቺም እኔም ይኖረን ይሆናል። ንጽሕና ማጣት አይደለም፣ ብልግናም አይደለም። ለመሆኑ ሾፌሩን ምን አደረግሽው?"

"ምንም!" ብርጭቆው ትዝ አለኝ። "ትንሽ... ለየሁት።"

"አይ አንቺ! በይ ስሚ። አብዛኛው ሕፃን ምንም አይሆንም። ጥቂቱን ግን ሲወለድ ይይዘዋል፤ ደሙ ውስጥ ይገባል፣ ሳንባው ውስጥ ይገባል፣ ወደ አንጎሉም ይወጣል። ማን እንደሚያዝ ስለማይታወቅ ነው ያለባት እናት ሁሉ መድኃኒቱን የምታገኘው። መድኃኒቱ ደግሞ ልጁ ከመወለዱ ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ቢጀመር ነው ደኅና የሚሠራው። የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ፣ ምጡ ባይጀምርም፣ ቁጭ እንዳትል፤ ከዚያ በኋላ ልጁን የሚከልለው የለም። ፔኒሲሊን የማይስማማት ከሆነም ከአሁኑ ትንገራቸው።"

"የእኛ ቤት ሴት ውሃዋ ፈሰሰ ብላ አትሄድም" አልኳት።

"ታዲያ መቼ ነው የምትሄደው?"

"የልጁ ራስ ብቅ ሲል።"

ይህ የቤታችን ኩራት ነበር። እናቴ እንዲህ ወለደች፤ እኔም እንዲህ ወለድኩ፤ ልጄንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ይህንኑ እያወራሁ አሳደግኳት። ቀድማ ሄዳ ሐኪም ቤት አልጋ ላይ የምትገላበጥ ሴት ስናይ እንስቅባት ነበር።

"ያኔም እንዲሁ ነበር የመጣሽው" አለችኝ። "በር ላይ ነው የተቀበልኩሽ። ውሃሽ ከፈሰሰ ስንት ሰዓቱ ነበር?"

"ከቀትር እስከ ቀትር። ሁለት ደርዘን ኮሌታ ጨርሼ ነው የመጣሁት።"

እንደ ወትሮዬ በኩራት የጀመርኩትን ወሬ መጨረሻውን ራሴ ሰማሁት። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

"ስለዚህ እኔ ነኝ የገደልኩት" አልኩ።

"አላልኩም! ያኔ ይህ ምርመራ እኛ ጋ አልነበረም። ይኸው ነገር ይሁን ሌላ፣ ዛሬም አላውቅም። ከእናትየው ስል የመጣበትን መንገድ መናገሬ ነበር እንጂ ጥፋተኛ መጥራቴ አልነበረም። ግን ልጅ ለሞተበት አባት፣ ቆሜ፣ ሰዓቴን እያየሁ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። ያን ቆርቆሮ ጠዋት ማታ እያየሁ ነው የኖርኩት።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"እንደምን ዋሉ ብለሽኝ ታልፊያለሽ። እንዲህ ላለ ሰላምታ ምን ይመለሳል?"

ይቅር ብዬዎታለሁ አላልኳትም። ግትር ነኝ። ከፋርማሲው ወጥቼ በቀጥታ ልጄ የምትታይበት ሆስፒታል ሄድኩና፣ ቃላቸው ይለያይ እንደሆን ብዬ አንዷን ነርስ ጠየቅኳት። ያንኑ ነገረችኝ፤ አራት ሰዓቱን ሳይቀር። ተመካክረው ይሆን? ብዬ ትንሽ አሰብኩ። ከዚያ ራሴን ታዝቤ ቤቴ ገባሁ። ብርጭቆውን ከብርጭቆዎቹ ጋር መለስኩት።

"እማማ፣ ክብሬ ተነሳ እንዴ?" አለኝ ሾፌሩ።

"ተሽረሃል" አልኩት። ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ትምህርት ቤት ሊከፈት አሥር ቀን ሲቀረው፣ ጨርቁ ጣሪያ ሊነካ ተቆልሎ፣ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለ ልጄ መወልወያ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ቀሚሷ ከታች ርሷል።

"ምን ፈሰሰ?"

"ውሃ ነው። አንቺ ኮሌታሽን ጨርሺ፤ ምጥ የለም፣ ገና ነው።"

"የእንሽርት ነው?"

ፈገግ አለች። "ታውቂ የለ እማዬ፣ የእኛ ቤት ሴት..."

የገዛ ቃሌ ከልጄ አፍ ተመለሰልኝ። የዚያ የሦስት ቀን ልጄ ማቃሰት በጆሮዬ መጣ።

"የእኛ ቤት ሴት ተሳስታ ኖራለች!" አልኩ። "መወልወያውን ጣይ። ጫማሽን አድርጊ፣ ወረቀትሽን ያዢ!"

ሾፌሩ መንገድ ላይ ነው። ሮጬ አጥሩ ሥር ቆምኩ። "እትዬ ሰዓት! ስንት ሰዓት ነው?"

"ሦስት ተኩል! ምነው?" አለች ከወዲያ።

"ውሃዋ ፈሰሰ!"

"መጣሁ!"

መጣሁ አለች እንጂ መምጫ የላትም፤ በሯን በቆርቆሮ አስመትቻታለሁ። በዋናው መንገድ ዞራ እስክትደርስ የእግሯ ድምፅ ሲርቅ ቆሜ ሰማሁት። አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ በሙሉ ያን ያህል አልከበደኝም።

በታክሲ ደረስን። ልጄ ወረቀቷን አሳየች፤ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ መድኃኒቱ በክንዷ መውረድ ጀመረ። እትዬ ሰዓት ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬያት ቆጠርኩ። ሁለተኛውን ዙር ሰጧት። ልጁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተወለደ፤ ወንድ ነው። ሁለት ቀን አቆይተው ትንፋሹንና ሙቀቱን ሲለኩ ሰነበቱ፤ ጡቱን ባለዕዳውን እንዳገኘ አበዳሪ ይዞ አልለቀቀም። ስንወጣም ጡት እምቢ ካለ፣ ካቃሰተ፣ ካተኮሰው ወይም ከዛለ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት አሉን።

እናቶች፣ አማቶች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ምርመራው ካለ ይደረግ። ወረቀቱ "አለ" ካለ ባል አይጠርጠር፣ ብርጭቆ አይለይ፣ ክኒን በድብቅ አይገዛ። ነፍሰ ጡሯ ወረቀቷን ከእጇ አትለይ፤ ውሃዋ ሲፈስ ትሂድ። ጥቅሙን በእጄ ታቅፌዋለሁ፤ ሦስት ኪሎ ተኩል ነው።

ቤት በገባን ማግሥት መዶሻ ይዤ ወደ አጥሩ ሄድኩ። አናጢ አልጠራሁም፤ ያስመታሁት እኔ፣ የምነቅለውም እኔ። ምስማሩ ዝጎ እንጨቱን ነክሶታል። በሦስተኛው ምት ልጁ ከቤት ውስጥ ነቅቶ ጮኸ፤ በሙሉ ሳንባው፣ ሰፈር በሚያናውጥ ድምፅ።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ልጁን ቀሰቀስሽው!" አለች ከወዲያ በኩል።

"ይጩህ!" አልኳት። "ይልቅ አንቺ ከዚያ በኩል ግፊልኝ።"