ካቦው የወደደው ክንዴ

በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ቡና መጋዘን ተሸካሚ ነበርኩ። ካቦው ጠዋት ጠዋት በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ክንዳችንን እየጨበጠ ነበር የሚመርጠን። አንድ ቀን ጆንያ ሳነሳ ክንዴ ውስጥ ጧ አለ። የክሊኒኩ ድሬሰር ዳሰሰኝና፣ «ጡንቻውን ከአጥንቱ ጋር የሚያስረው ጅማት ተበጥሶ ሥጋው ወደ ላይ ተጠቅልሎ አብጧል። ሸክም በቃህ» አለኝ።

እንጀራዬ ነውና በማግስቱም ተሰለፍኩ። ካቦው እብጠቱን ጨበጠና፣ «ያ ኦቦሌሳ፣ አንተ ወንድሜ፣ ምን በልተህ ነው እንዲህ የፈረጠምከው? ግባ!» አለኝ።

«ጆንያ ነዋ!» ብዬ አሳቅኳቸው።

ከኋላዬ የነበረውን ጤነኛውን ቶላሳን ግን «ክንድህ ቀጭን ነው» ብሎ መለሰው። ገብቼ ጆንያውን ብታገለው ከመሬት አልነሳ አለኝ። ቶላሳን ልጥራው ብዬ ዞር ስል ሄዷል። ያን ቀን እሱ በቀጭኑ ክንዱ፣ እኔ በወፍራሙ ጾማችንን አደርን።